ስለ ተወርዋሪ ኮከብ ፈለግና ስለ ራዳር ጥበብ

በነሐሴ መጀመሪያ፥ በጾመ ፍልሰታ ሱባዔ፥ ተወርዋሪ ኮከብ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይበዛል። በወልቂጤና በቡታጅራ ግን ያ ወራት ክረምት ስለ ሆነ፥ ሌሊት ለጸሎት የሚነሡ ካህናት እንኳ ከደመናው በታች ሆነው ብዙውን ሳያዩት ያልፋል። ዓይንን ደመናና የቀን ብርሃን ቢከለክሉትም፥ ራዳርን ግን አይከለክሉትም።

ተወርዋሪ ኮከብ የሚባለው በእውነቱ ኮከብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነው። በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ይነዳል፤ በስተኋላውም ኤሌክትሪክ ያለበትን የአየር ፈለግ ይተዋል። ራዳር የሚልከው ሞገድ ከዚህ ፈለግ ተመልሶ ይመጣል። ፈለጉን ነፋስ ስለሚወስደው፥ አውሮፕላንና ባሎን የማይደርሱበት የዚያ ከፍታ ነፋስ በዚህ ይለካል።

ጥበቡ የተገኘው በጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሮኬት ይጠብቁ የነበሩ የእንግሊዝ ራዳሮች እንግዳ ምላሽ ይቀበሉ ነበርና፥ ጄምስ ሄይ ነገሩን መርምሮ ከተወርዋሪ ኮከብ ጋራ አገናኘው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ደግሞ የጆድሬል ባንክ ሊቃውንት በቀን የሚወርዱትን በራዳር አገኙ።

ይህ ነገር ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የምድር መግነጢስ ወገብ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል፤ ወልቂጤና ቡታጅራም ከዚያው አቅራቢያ ናቸው። በዚህ መሥመር በላይ፥ ፈለጉ በሚታይበት ከፍታ፥ በቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ ራሱ ለራዳር ምላሽ ስለሚሰጥ፥ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ወገብ ምክንያት በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መመርመሪያ ተቋቋመ፤ የሶቪየት ሊቃውንትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1968 እስከ 1970 በሞቃዲሾ ሆነው ተወርዋሪ ኮከብን በራዳር መረመሩ።

ገንዘቡ ለውኃና ለመንገድ ቢውል ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ አሳቡም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መጀመሪያው ትልቅ ራዳር መሆን የለበትም። ከአድማስ ማዶ ያለ የራዲዮ ጣቢያ ሞገድ ከፈለጉ ተመልሶ ሲመጣ በተራ መቀበያ ይሰማል፤ ይህንንም የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋራ ሊሠሩት የሚቻል ነው።

የከዋክብትን አካሄድ የሚናገረውን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ምሉዕ አድርጎ የጠበቀ ሕዝብ፥ በራሱ ሰማይ ላይ የሚሆነውን ሌላው መርምሮ እስኪነግረው ሊጠብቅ አይገባውም። ሹማምንት ጥቂት መሣሪያ ቢፈቅዱ፥ መምህራንም ልጆችን ቢያተጉ፥ ሥራው ከዛሬ ሊጀመር ይቻላል።