ወጌሻና የኦፕራሲዮን ሕመምተኛ

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ባሉት የየካ ሰፈሮች፣ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወደ ቤቱ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ የጠያቂው ሁሉ ቃል «አይነሣ፤ ስፌቱ ይፈታል» የሚል ነው። ፍቅር ያናገረው ቃል ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ የሚተኛ ሕመምተኛ በእግሩ ሥር ደም ሊረጋበት፣ ሳንባውም በአክታ ታፍኖ ሊታመም ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ከቢላዋ የተረፈው ሰው በድንገት ይሞታል።

ባቱ አብጦ ሲያመው ደግሞ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻነት በአገራችን የቆየ ሙያ ነው፤ የእግር ኳስ ቡድኖቻችን እንኳ ስሙን አልተውትም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ባት ማሸት የረጋውን ደም መንቀል ሊሆን ይችላል። የተሰበረን እግር አጥብቆ በማሰርም ደም ተከልክሎ እግራቸው የተቆረጠ ሕሙማን በሆስፒታሎቻችን ታይተዋል።

በእጅ ማከም የእኛ ብቻ አይደለም። አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ኦስቲዮፓቲ ለተባለው ሕክምና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በሚዙሪ፣ በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ የዚህ ትምህርት ምሩቃን እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች መድኃኒት ያዛሉ፤ ኦፕራሲዮንም ያደርጋሉ። በ2017 በኢጣሊያ የልብ ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው 80 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ይህ የእጅ ሕክምና የተጨመረላቸው ሕመማቸው ቀልሎ ከሆስፒታል ቶሎ ወጥተዋል። የዚህ ዓይነት ጥናት ገና ጥቂት ስለ ሆነ ተአምር አንለውም። እኛን የሚያስቀናን ትምህርት ቤቱ ነው። ስቲል የጀመረው በእጁ ነበር፤ ወጌሻችንም እንዲሁ። የአንዱ ሙያ ግን ፈተናና ተጠያቂነት አገኘ።

በእኛም ዘንድ መንገዱ ተጀምሯል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በየቢሮው የሠራተኛ መደብ የምታጠኑ ወጣቶች ሆይ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ሲፈቀድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም መደብ አብሮ ይጻፍ። ወጌሻውንም ከማባረር ይልቅ መቼ እጁን ሰብስቦ ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ማስተማር ይበጃል።

ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ ተዳፋት የሚኖር ሕመምተኛ ለቀጠሮ ወርዶ መመለሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጣ አስታማሚው ይማር፦ ቁስሉን በትራስ ደግፎ ማሳል፣ በየሰዓቱ በረጅሙ መተንፈስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ሐኪሙ ዳገቱን እስኪፈቅድ ድረስ በግቢው ውስጥ ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል።