ሕመሟ ያልታወቀ ድመትና የቤት ውስጥ እንክብካቤዋ

በከተማ ቤቶች ድመት የምትያዘው በአብዛኛው አይጥ እንድታጠፋ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ሥራዋ በዚህ ብቻ አያበቃም። ስም ይወጣላታል፣ ከልጆቹ ጋር ትጫወታለች፣ በክረምት ከእግራቸው ሥር ትተኛለች። ስለዚህም ገና ዓመት ያልሞላት ድመት አንድ ቀን ምግቧን ትታ ከአልጋ ሥር ጥግ ይዛ ስትገኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። ጭንቀቱ የሚብሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ከተወሰደች በኋላም «በሽታዋ ይህ ነው» ብሎ ቁርጡን የሚናገር ሳይገኝ ሲቀር ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ድመት ደግሞ ሕመሟን በመሸሸግ የታወቀች እንስሳ ናት። የምታሳያቸው ምልክቶችም የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክቶች ናቸው። ምግብ መጥላት፣ ማስመለስና ተቅማጥ የአንጀት ትል፣ የመርዝ፣ የተዋጠ ክር ወይም ፓንሉኮፔኒያ የተባለው ቫይረስ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ሆዷ ውኃ እየቋጠረ ከሄደ ሐኪሙ ኤፍ አይ ፒ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን በሽታ ይጠረጥር ይሆናል። ይህ በሽታ በተለይ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ድመቶችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ በአንድ የደም ምርመራ ብቻ ቁርጡን ማወቅ አይቻልም። በመሆኑም ሐኪሙ «ገና እርግጠኛ አይደለሁም» ቢልዎ ሙያውን አያውቅም ማለት አይደለም።

ይሁንና የበሽታው ስም እስኪታወቅ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የበሽታው ስም ምንም ይሁን ምን የሚጠቅም እንክብካቤ አለ። እንደዚሁም ስሙ ምንም ይሁን ምን የሚጎዳ ስሕተት አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የቤተሰብዎን ጤና ይጠብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል፤ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ያልተከተበች ድመት ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃታት በእጅ አይንኳት፤ ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ። ልጅን ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ይከላከለዋል። ስለዚህ «ድመቷ ትሞት እንደሆነ እንይ» ብሎ ክትባቱን ማዘግየት ልጅን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ነፍሰ ጡር እናት የድመቷን ዓይነ ምድር እንዳታጸዳ ያስፈልጋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ በዚህ መንገድ ወደ ሰው ሊተላለፍና ፅንሱን ሊጎዳ ይችላልና። ጥሬ ሥጋም የዚሁ ተውሳክ መተላለፊያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ተውሳኩ ከድመቷ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት፣ ሌላ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ቢያጠራው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የታመመችውን ድመት ጸጥታና ሙቀት ባለው ቦታ ለብቻዋ ያድርጉ። ሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኗ ማኖር ይበቃል፤ ሲሞቃት ሸሽታ የምትተኛበት ስፍራም ይተውላት። ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም ከአጠገቧ አይጥፋ። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ዶሮ ለብ አድርጎ መስጠት ሽታው የምግብ ፍላጎቷን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከቤት የተረፈ ወጥ ግን አይስጧት። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል። የላም ወተትም ጡት ለተወች ድመት ብዙ ጊዜ ስለማይስማማት ተቅማጡን ያብስባታል። ደካማ ድመትን አፏን ከፍቶ ውኃ ማንቆርቆር ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል ሐኪም ካላሳየዎ በቀር አያድርጉት።

ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ለድመት አይሰጥም። ለእኛ ተራ ነገር የሆነው ፓራሲታሞል የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ ክኒን ብቻ ሊገድላት ይችላል። ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ የወጣ ክር ቢያዩም አይጎትቱ፤ አንጀቷን ሊቆርጥ ይችላልና።

በሥራ የሚውሉ እናቶች «ቀኑን ሙሉ ማን ይጠብቃታል?» ይሉ ይሆናል። ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ መልስ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ብዙ ይረዳል። አንድ ደብተር ያዘጋጁና ምን ያህል እንደ በላችና እንደ ጠጣች፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን ይመዝግቡ። ተኝታ ሳለች የደረቷን ከፍ ዝቅ ማለት ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በጤናዋ ጊዜ ከ30 አይበልጥም፤ ከ40 ካለፈ የሚያሰጋ ነው። ጎረቤት የአይጥ መርዝ አስቀምጦ እንደሆነም ይጠይቁ። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ሲሆን ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ በጊዜው ከተደረሰ ግን ቫይታሚን ኬ አንድ ያድናታል። ይህ ደብተር ለሐኪሙ ትልቅ መሪ ይሆነዋል።

አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ድዷ ከነጣ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ወንድ ድመት አምጦ ሽንት ካቃተው፣ ወይም አንድ ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ገቢ ውሱን መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሚጠረጠሩት በሽታዎች የትኞቹ ናቸው? ከነዚህ ውስጥ ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው የትኛው ነው? የሚታዘዘው ምርመራ ሕክምናውን የሚለውጥ ነው ወይስ ስሙን ለማወቅ ብቻ? ሕክምናውን የማይለውጥ ምርመራ ከሆነ ገንዘቡን ለመድኃኒትና ለምግብ ማዋል ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ለተጠረጠረው በሽታ መድኃኒት ጀምሮ ለውጡን በቀናት ውስጥ ይመለከታል። የማስታወሻው ደብተር የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ተስፋ መቁረጥም አያስፈልግም። ኤፍ አይ ፒ ለብዙ ዘመን የሞት ፍርድ ተደርጎ ይታይ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ኒልስ ፔደርሰን የመሯቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ግን ጂ ኤስ 441524 በተባለ መድኃኒት ከታከሙት 31 ድመቶች አብዛኞቹ ድነዋል።

ሁሉም ተሞክሮ ድመቷ በሥቃይ ላይ ከሆነች ያለ ሕመም እንድታርፍ የእንስሳት ሐኪምን መጠየቅ ይገባል። በሕይወት ሳለች በጆንያ አድርጎ ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ ላይ መጣል ግን ጭካኔ ከመሆኑም በላይ በሽታን ማሰራጨት ነው። ለልጆችም «ጠፍታ ነው» ብሎ ከመዋሸት፣ ታማ እንደ ነበርና የተቻለው ሁሉ እንደ ተደረገላት በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ይሻላል። ልጆች ለደካማ መራራትን የሚማሩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ከዚያም የተኛችበትን ጨርቅ ያቃጥሉ፤ ወለሉንም በሳሙና አጥበው አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠው ያጽዱት። የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ በቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያልተከተበች ግልገል ወዲያው አያምጡ። በቤት ያለችውን ጤነኛ ድመት ደግሞ ዛሬውኑ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ያስከትቧት፤ የትል መድኃኒትም ያሰጧት።