አረሩ ሲያንስ፣ ጨርቁ ሲወፍር

ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ከጦር ሜዳ ከተሰናበተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና በአሜሪካ በኢላማ ውድድርና በአደን ዛሬም ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው የእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ወዳጆች ማኅበርም ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ፍሬንድሺፕ በተባለች ስፍራ ውድድሮቹን ያካሂዳል። በእነዚህ ተኳሾች መካከል የማይበርድ ክርክር አለ። ድቡልቡሉ የእርሳስ አረር ከበርሜሉ ስፋት ለጥቂት ብቻ አንሶ በስስ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ወይስ አረሩ ይበልጥ አንሶ ጨርቁ ይወፍር? እኛ ለሁለተኛው ወገን የሚቆም የፊዚክስ ማስረጃ አለ ባዮች ነን። ይህን ስንል ማንንም ጠመንጃ እንዲያነሳ መገፋፋታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል፤ የምንፈልገው ስሌቱን ነው።

በመጀመሪያ ጨርቁ ለምን አስፈለገ? ውስጡ ልሙጥ በሆነ በርሜል የሚተኮስ አረር ግድግዳውን እየነካ ስለሚወጣ ባልታሰበ አቅጣጫ ይሾራል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው ይህ ሹረት አረሩን በአየር ላይ ሳለ ከመስመሩ ያወጣዋል። መፍትሔው በበርሜሉ ውስጥ ጥምዝ ቦይ መቅደድና ሹረቱን በጉዞው አቅጣጫ ዙሪያ ማድረግ ነበር። ነገር ግን አረሩ ቦዩን ካልያዘ አይሾርም፤ እንዲይዝ አጥብቀው ከሠሩት ደግሞ በአፈሙዙ አልገባም ይላል። የብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1800 የቤከርን ጠመንጃ ሲቀበል ለወታደሮቹ መጀመሪያ ላይ ትናንሽ የእንጨት መዶሻዎች አድሎ ነበር። በጦር ሜዳ ላይ አረር በመዶሻ እየመቱ ማጉረስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መገመት አያዳግትም፤ መዶሻዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ቀሩ። ሞራ ወይም ሰም የተቀባ የጨርቅ ቁራጭ ግን ቦዩን ይይዛል፣ ጋዙ በጎን እንዳያመልጥ ይከለክላል፣ የበርሜሉንም ግድግዳ ያለሰልሳል፤ ከአፈሙዙ እንደወጣም ከአረሩ ተለይቶ ይወድቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የበርሜሉ ስፋት 12.70 ሚሊሜትር፣ የቦዩ ጥልቀት 0.25 ሚሊሜትር ይሁን። የመጀመሪያው ተኳሽ 12.45 ሚሊሜትር የሆነ አረር በ0.38 ሚሊሜትር ጨርቅ፣ ሁለተኛው 12.19 ሚሊሜትር የሆነውን በ0.51 ሚሊሜትር ጨርቅ ይጠቀልላሉ እንበል። በቦዩ ውስጥ ለጨርቁ የሚቀረው ክፍተት ለመጀመሪያው 0.38፣ ለሁለተኛው 0.51 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን ሁለቱም ጨርቆች ቦዩን እኩል ይሞላሉ። በቦዮቹ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ግን የመጀመሪያው አረር ለጨርቁ የሚተውለት ቦታ 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው 0.25 ያህል ይተዋል። በሁለቱም ዘንድ ጨርቁ የሚቀንሰው እኩል 0.25 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው "ጥብቀታቸው አንድ ነው" ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ስሱ ጨርቅ ወደ ሲሶው ሲጨመቅ ወፍራሙ የሚጨመቀው ወደ ግማሹ ነው። አንድን ቁስ የሚያስጨንቀው ከራሱ ውፍረት ስንት እጁን አጣ የሚለው ምጣኔ መሆኑን የመካኒክስ ትምህርት ያስተምረናል፤ እኛ ግን ፈተናውን ካለፍን በኋላ ልዩነትን ብቻ እየቆጠርን ምጣኔን እንረሳለን። እርግጥ ነው፣ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ከጭንቀቱ ከፊሉን ራሱ ይቀበላል፤ የጨርቁ ድርና ማግ በአረሩ ላይ ታትሞ የሚታየውም ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ስሱ ጨርቅ በአፈሙዙ ጠርዝ ለመቆረጥ፣ ተኳሹም በመጠቅጠቂያ ዘንጉ ላይ ለመታገል ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ይህ ትግል የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥቁር ባሩድ በተለመደው ቅይጥ 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ ሲሆን፣ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ በርሜሉ እየጠበበ ይሄዳል። ጠዋት በግድ የገባው አረር ከሰዓት በኋላ በመንገድ ይቀረቀራል፤ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ የቀረ አረር ደግሞ ሲተኮስ በርሜሉን ሊያፈነዳ ይችላል። ወፍራም ጨርቅ ቅባት በብዛት ስለሚይዝ ዝቃጩን ያለሰልሳል፤ ገና ሊጨመቅ የሚችል ውፍረትም ስላለው ለጠበበው በርሜል ቦታ ይለቃል።

የብሪታንያ ጦር ይህንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1853 የወጣው የኤንፊልድ ጠመንጃ ስፋቱ 14.66 ሚሊሜትር ሲሆን ሾጣጣው ጥይቱ መጀመሪያ 14.43 ሚሊሜትር ነበር። ቅባት በተነከረ ወረቀት የተጠቀለለው ይህ ጥይት (በ1857 በህንድ ለተነሣው ታላቅ አመፅ ሰበብ ከሆኑት አንዱ የወረቀቱ ቅባት ወሬ ነበር) በዝቃጭ ጊዜ አልገባም እያለ ስላስቸገረ ወደ 13.97 ሚሊሜትር አሳነሱት። የቀረውን ክፍተት የጥይቱ ግርጌ በጋዙ ግፊት እየሰፋ ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የብሪታንያ ጦር የታጠቀው ስናይደር ከዚሁ ከኤንፊልድ ተለውጦ ከኋላ እንዲጎርስ የተደረገ ነበር፤ በአሮጌ ሜዳ የገጠሙት የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ደግሞ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዘው ነበር።

ተቃዋሚዎቻችን "አረሩ ሲያንስ ክብደቱ ይቀንሳል" ይሉናል። እውነት ነው። የእርሳስን እፍግታ 11.34 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ ብንወስድ የመጀመሪያው አረር 11.5፣ ሁለተኛው 10.8 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ስድስት በመቶ ያህል ጠፍቷል ማለት ነው። ነገር ግን አየሩ የሚገታው የፊት ስፋቱም አራት በመቶ ቀንሷል። ክብደት በዲያሜትሩ ኩብ፣ ስፋት በስኩዌሩ ስለሚለወጡ የሁለቱ ምጣኔ የሚጎዳው በሁለት በመቶ ብቻ ነው። ለዚህች ሁለት በመቶ ሲሉ ዘንግ ማጉበጥ ለእኛ አይዋጥልንም።

ወሰን ግን አለው። ጨርቁ ከልክ ሲያልፍ በአፈሙዙ ላይ ይታጠፋል፤ እጥፋቱም አረሩን ከመካከል ይገፋዋል። ሽመናው ወጣ ገባ ከሆነም አረሩ እንዲሁ ወደ ጎን ያዘነብላል። ንጹሕ በርሜል ይዞ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የሚወለውል ተወዳዳሪ በጠባቡ አረር ቢያሸንፍ አንገረምም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ተከራካሪዎቹ የሚጠቅሷቸው ቁጥሮች ናቸው። "የእኔ ጨርቅ 0.38 ነው" የሚል ሰው ማይክሮሜትሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደለካው አይነግረንም። ጨርቅ ግን ብረት አይደለም፤ በተጫኑት መጠን ይሳሳል። የጨርቃ ጨርቅ ፍተሻ ቤቶች ውፍረትን በተወሰነ ግፊት የሚለኩትም ለዚሁ ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ያለ አንዳች ጠመንጃ ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራ እዚህ አለ፤ አንድ አቡጀዲና አንድ ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ ልዩ ልዩ ክብደቶችና አንድ ማይክሮሜትር ይበቃሉ። በየክብደቱ የተገኘውን ውፍረት በግራፍ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት መስመሩ ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ ያያሉ፤ ጨርቁ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ቀጣዩ ክብደት የሚቀንሰው እያነሰ ይመጣል።