ሆለታን ስንጎበኝ ምን እንይ?

ለክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የምንሄድ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ በነቀምቴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ሆለታ ገነት እንደርሳለን። የጦር ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ሥራውን ጀመረ። የማንኛውም ጦር ትምህርት ቤት ጎብኚ ዓይኑ የሚያርፈው በበሩ፣ በሰልፍ ሜዳውና በሰላምታው ላይ ነው። የሆለታ ትልቁ ቅርስ ግን ከግንብም ከሰልፍም የተለየ ነው እንላለን።

ፋሺስት ኢጣልያ ወደ ዋና ከተማው ሲገሰግስ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ አዲስ አበባም ተያዘች። ከእነዚህ ወጣቶች ወደ ወለጋ የተሻገሩት ከሌሎች አርበኞች ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው በእንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር በነቀምቴ አቅራቢያ፣ ቦነያ ላይ ያረፉ 3 የጠላት አይሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮም እዚያው ተገደለ።

ይህ ጀግንነት ነው። ሊወረስ የሚገባው ባህል ግን ማኅበሩ ባወጣው ባለ 10 አንቀጽ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ ጦሩን ከፖለቲካው አመራር በታች አደረገ፤ ገበሬን መበደልንና ምርኮኛን ማንገላታትን ከለከለ፤ አባሉም እየተዋጋ ይሙት እንጂ አይሰደድ ሲል ደነገገ።

ሆኖም መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ጠመንጃ ከሕግ በላይ ሆኖ ሲገዛ ስንት ወጣት እንደ ረገፈ ወላጆቻችን ያውቁታል። አንድ ግቢ ሁለቱንም አፈራ። እንግዲያው ባህል ከሕንፃ ጋር አብሮ አይወረስም፤ በየትውልዱ መማር አለበት። ስለዚህ ያ ሕግ ለእያንዳንዱ ዕጩ መኮንን በገባበት በመጀመሪያው ቀን እንዲነበብለት እንጠይቃለን።

«አይሰደድ» የሚለው አንቀጽ እኛንም ይነካል። ለትምህርት መውጣት ስደት አይደለም፤ ዶክተር ዓለመወርቅም ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ። መመለሻው የተዘጋበትን ወገናችንን አንወቅስም። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በነጻ ትምህርት ዕድል ሕክምና ተምረን በዚያው ብንቀር ግን ሆለታን መጎብኘታችን ከፎቶግራፍ አያልፍም።