603ኛው ኮር ማን ነበር?

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ለሚመለከት ሰው የሚታየው እርሻና ጉም ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እዚሁ አካባቢ አድገን የ603ኛውን ኮር ስም ከሽማግሌ አፍ በቀር አልሰማንም። በተማርንባቸው መጻሕፍትም የዚያ ዘመን ጦርነት በጥቂት መስመር ታልፏል። ታዲያ ነገ መምህራን ስንሆን ለሚጠይቁን ልጆች ምን ልንመልስ ነው?

እንደሚታወቀው ኮር ማለት ክፍለ ጦሮችን ባንድ ዕዝ የሚያሰባስብ ትልቅ የጦር ክፍል ነው። 603ኛው ኮር በደርግ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት በሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሥር ነበር። ወንድሙ 604ኛው ኮር በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ ተደመሰሰ፤ በዚያው ወር ሠራዊቱ መቀሌን ለቀቀ፤ ጦርነቱም ወደኛ ወረደ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ደግሞ ሠራዊቱ ብዙ ጄኔራሎቹን በሞትና በእስር አጣ። በታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ሕወሓትና ኢሕዴን ተባብረው በደብረ ታቦር ዙሪያ የነበረውን 603ኛ ኮር አጠቁ፤ ከተማዋንም ያዙ። የጥር ወሩ መልሶ ማጥቃት ወዲያው ሊያስመልሳት አልቻለም። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ቴዎድሮስ ተከፈተ፤ አፄ ቴዎድሮስ የከተሙባት አገር በስማቸው በተጠራ ዘመቻ ተመታች። ጎንደርና ጎጃም ከመንግሥት እጅ ወጡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ሠራዊቱም ፈረሰ፤ ኮሩም የጥቂት ዓመት ዕድሜውን ጨረሰ።

ይህ የቁጥሩ ታሪክ ነው። የሰዎቹስ? በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይጠራ ነበር፤ ገበሬ ማኅበሩም በኮታ ይመለምላል። ለማስተማር ልምምድ ፋርጣ በወጣንበት ጊዜ አንድ አባት እንዲህ አሉን፦ «ትልቁ ልጄ በኮታ ሄደ፤ ታናሹ ኢሕዴን ገባ። ለሁለቱም ስንቅ የቋጠረች አንዲት እናት ናት።» የትኛውን ልጅ ጠላት ብለን እናስተምር?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የዳነ ቁስል ለምን ይነካካል?» ይሉናል። ቁስሉ ድኖ ቢሆን እኮ እሰየው ነበር! በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ እኛ ገና ልጆች ነበርን። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የት መሸሸግ እንደሚሻል ያውቁ ነበር፤ ከ1982ቱ ተምረውታል። እኛ ግን ምንም የተነገረን ነገር አልነበረም። ያልታጠበ ቁስል ያመረቅዛል።

ስለሆነም የምንለው ቀላል ነው። ለልምምድ ወደ ገጠር የሚወጣ ሠልጣኝ ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። ከኮሩ የተመለሰውንም፣ በወዲያኛው ወገን የተዋጋውንም፣ ከሁሉ በላይ እናቶችን ይጠይቅ። «ማን አሸነፈ?» ብሎ አይጀምር፤ ማን ተወሰደ፣ ማን ተመለሰ፣ የወደቀውን ማን ቀበረው ብሎ ይጠይቅ። ስሜ አይጻፍ ላለም ስሙን አይጻፍ። ደብተሮቹን ሰብስበን በቤተ መጻሕፍታችን እናስቀምጥ። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ከ50 ዓመት አልፏል፤ አባቶቻቸውማ እያለቁ ነው። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። እኛም ዘንድሮውኑ እንጀምር እንላለን።