«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ»፦ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ አኃዝ እንዴት ይነበብ?

በአሜሪካ የሚገኙ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲመርጡ ከትምህርት ውጤቱ ጎን ለጎን የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አመልካቹ የየትኛው ክፍለ ግዛት ነዋሪ ነው የሚል ነው። የዚያው ክፍለ ግዛት ነዋሪ የሚከፍለው ያነሰ ነው፤ በብዙዎቹ ስመ ጥር ተቋማትም የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። ከሌላ ክፍለ ግዛት ወይም ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ግን በውጭ አመልካችነት ይመደባል። ይህን አድልዎ ነው የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት አሠራሩ በመሠረቱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ያለው አኃዙ በሚነገርበትና በሚነበብበት መንገድ ላይ ነው።

የቅድሚያው ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለክፍለ ግዛቶች መሬት በመስጠት፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ግብርናና ምህንድስና የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲደገፉ አደረገ። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎችን በግብሩ የሚደጉመው የየክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ስለሆነ፣ ለልጆቹ ቅድሚያ መጠየቁ አያስወቅሰውም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1986 ከውጭ የሚመጡ አዲስ ገቢዎች ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ የወሰነው በዚሁ መንፈስ ነበር።

ይሁንና አኃዙን ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቅበላ ምጣኔ ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ የተፈቀደላቸው፣ ታህቱ ያመለከቱት ቁጥር ነው። ለምሳሌ ከ10,000 ነዋሪ አመልካቾች 4,000፣ ከ40,000 የውጭ አመልካቾችም 4,000 ተቀባይነት አገኙ እንበል። የመጀመሪያው ምጣኔ 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ይሆናል፤ የተፈቀደው ቦታ ግን እኩል ነው። ስለዚህ ምጣኔው ብቻውን ቦታው ለማን እንደተሰጠም ሆነ የአመልካቾቹን ብቃት አይነግረንም።

ድምር አኃዝ ሊያሳስት እንደሚችል የበርክሌይ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያ ዩኒቨርሲቲ ለድህረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶ ገደማ፣ ከሴቶች 35 በመቶ ገደማ ተፈቀደላቸው። መረጃው በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ ሲመረመር ግን ልዩነቱ በአብዛኛው የመነጨው ሴቶች ፉክክሩ ወደ በረታባቸው ክፍሎች በብዛት በማመልከታቸው እንደሆነ ታወቀ። የስታቲስቲክስ ምሁራን ይህን የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይሉታል። የነዋሪና የውጭ አመልካቾች ንጽጽርም እንዲሁ በየትምህርት ክፍሉ ካልተተነተነ ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል።

ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የዩኒቨርሲቲዎቻቸውን በጀት ቀነሱ፤ ከፍ ያለ ክፍያ የሚከፍለው የውጭ ተማሪም የገቢ ምንጭ ሆነ። የካሊፎርኒያ ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አሠራር ነዋሪዎችን ጎድቷል ሲል ወቀሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ገቢው ነዋሪዎችን ለማስተማር ውሏል በማለት ተቃወመ። በቀጣዩ ዓመት ቦርዱ የ18 በመቶ ጣሪያ አበጀ፤ እንደ በርክሌይና ሎስ አንጀለስ ያሉ ቀድሞ ጣሪያውን ያለፉ ካምፓሶች ግን በነበሩበት እንዲቆዩ ፈቀደ። መንግሥት ድጎማውን እየቀነሰ ቅድሚያው እንዳይነካ መጠየቁ፣ በሬውን ሳያበሉ እርሻ መጠበቅ ነው። በአንጻሩ የነዋሪውን ልጅ ቦታ ለገቢ ሲል አሳልፎ የሚሰጥ ተቋም የሕዝብ የሚለውን ስም ሊይዝ አይገባውም።

በመሆኑም ዩኒቨርሲቲዎች ምጣኔውን ብቻ ሳይሆን ያመለከቱትን፣ የተፈቀደላቸውንና የተመዘገቡትን ቁጥር በነዋሪነትና በትምህርት ክፍል ለይተው ሊያሳውቁ ይገባል። ወደ ባሕር ማዶ ለማመልከት የምታስቡ ተማሪዎችም ጥቅሉን አኃዝ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ አትዘናጉም። በቅድሚያ ታህቱ ማንን እንደሚቆጥር ጠይቁ።