ትንሿ ፍሬንች ፕሬስ ጀበናን አትሽርም

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጠጣ አገር ናት። እንዲህም ሆኖ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን በሚኖር ሰው ኩሽና ከውጭ የመጣ ፈጣን ቡና ማግኘት ብርቅ አይደለም። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ አይመስልም። ጀበና ለአንድ ሰው አይጣድም። መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ማስከን፣ ከዚያ ሲኒውን ማጠብ፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ስኒ፣ ያውም ጠዋት ለታክሲ ሰልፍ በሚሮጥበት ሰዓት! ስለዚህ ፈጣኑ ቡና ያሸንፋል፤ የሲዳማው፣ የጅማው፣ የይርጋጨፌው ቡና እሑድን ይጠብቃል።

ትንሿ ፍሬንች ፕሬስ የምትገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

"ጀበና እያለ የፈረንጅ ዕቃ ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። ቁጭቱ ይገባል፤ ዒላማው ግን ተሳስቷል። ቡና ጠጡ ተብሎ ጎረቤት የሚጠራበትን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባልበትን ሥርዓት አንድ ብርጭቆና አንድ ወንፊት አያፈርሱትም። አሠራሩም ቢሆን ለጀበና ሩቅ ዘመድ ነው፤ ቡናው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ዝቃጩ ይለያል። ልዩነቱ ጀበና ማፍላቱ፣ ፕሬሱ መዘፍዘፉ ነው። በነገራችን ላይ ስሙ የፈረንሳይ ይሁን እንጂ ዕቃው የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1852 ፓሪስ ውስጥ ቢመዘገብም፣ በ1929 የተሻሻለውን ንድፍ በስማቸው ያስመዘገቡት አቲሊዮ ካሊማኒና ጁሊዮ ሞኔታ የተባሉ የሚላን ሰዎች ናቸው።

ዋናው ስህተት የሚሠራው ሲገዛ ነው። ገዢው "እንግዳ ቢመጣስ?" ብሎ የአንድ ሊትሩን ያነሳል። እንግዳ ከመጣማ ጀበናው አለ! አንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ይፈልጋል። በዚህ ሒሳብ አንድ ኪሎ 16 ጊዜ ብቻ ያገለግላል። 350 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ትንሿ ግን 20 ግራም ይበቃታል፤ ኪሎው 50 ጊዜ ይደርሳል። የቡና ዋጋ ኪስ በሚያሳምምበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ትልቁን ሩብ ብቻ ሞልቶ መጠቀምም አያዋጣም፤ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሳጥኑ ላይ "3 ኩባያ" የሚለው ጽሑፍም ማንንም አያታልል። የአምራቾቹ ኩባያ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ የትንሿ ፕሬስ ቡና በተግባር አንድ ትልቅ ኩባያ ነው።

ብርጭቆ ወይስ ብረት? ብርጭቆው ርካሽ ነው፣ ቡናውም ይታያል፤ ነገር ግን እጥበት ላይ ይሰበራል። መለዋወጫ ብርጭቆ ገበያ ላይ ከሌለ ወንፊቱና ክዳኑ አብረው ይጣላሉ። ድርብ ግድግዳ ያለው የማይዝግ ብረት ዋጋው ከበድ ይላል፤ ግን አይሰበርም፣ ሙቀትም ይይዛል። ሆኖም ሙቀት ይይዛል ተብሎ ቡናው እዚያው መቀመጥ የለበትም፤ ከዝቃጩ ጋር በቆየ ቁጥር ይመራል። ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት ወንፊቱ ነው። ተፈታቶ የሚታጠብና ጠርዙ ከግድግዳው ጋር የሚገጥም ካልሆነ፣ የቀረው ጌጥ ነው።

ከዕቃው በላይ የሚወስነው ግን አፈጫጨቱ ነው። ለጀበና የደቀቀ ቡና በወንፊቱ ያልፋል፣ አፍ ውስጥ ዱቄት ይሆናል፣ ሲጫኑትም አልወርድ ብሎ ሙቅ ውሃ ሊረጭ ይችላል። የሙቀጫው ደግሞ ከፊሉ ዱቄት፣ ከፊሉ ስብርባሪ ነው። ቡና የሚፈጭ ሱቅ "ሻከር አድርግልኝ" ከተባለ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ውሃ ማፍሰስ፣ አንዴ ማማሰል፣ 4 ደቂቃ መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ መጫን፣ ወዲያው መቅዳት።

ከውጭ የሚመጣው መመሪያ "ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይብረድ" ይላል። ይህ ምክር ለዱባይ ወይም ለቴል አቪቭ ነዋሪ ይሠራል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ስለምታልፍ፣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እዚህ ማብረድ ቡናውን ማቅጠን ነው፤ እንደፈላ ማፍሰስ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በወረቀት ያልተጣራ ቡና፣ የፕሬሱንም ጨምሮ፣ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይቀራል፤ እሱም ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው በቀን ብዙ ኩባያ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይበጃል።

ጀበና የሰው መጥሪያ ነው፤ ያንን ሥራ ማንም አይቀማውም። ብቻውን የሚነሳ ሰውም ግን የገበሬውን ቡና ትቶ ከባሕር ማዶ የመጣ ዱቄት እንዲበጠብጥ አልተፈረደበትም። ለሰው ጀበና፣ ለብቻ ትንሿ ፕሬስ፤ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ሳይጣሉ ይኖራሉ።